ተረትና እውነታ፦ የጉበት ካንሰርና የጂን ምርመራ

የጉበት ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ ነው። ተመራማሪዎችም መልሱን ከጂኖች ሥራ መፈለግ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስለ ጂን ምርመራ የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ተረት፦ የጂን ምርመራ በዘር የወረስነውን ያሳያል፤ አባት ከታመመ ልጆቹም አይተርፉም።
እውነታ፦ እዚህ የሚለካው የጂኖቹ ሥራ ነው። አንድ ጂን ሲሠራ አርኤንኤ ያወጣል፤ መጠኑ የሥራውን መብዛትና ማነስ ይናገራል። ይህን ሥራ ቫይረስ፣ አልኮልና የጉበት ጠባሳ ይለውጡታል። በአንድ ቤት በሽታው ሲደጋገም ምክንያቱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ የሕመምተኛውን ዕድል የሚወስነው ዕጢው ብቻ ነው።
እውነታ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዩጂን ሆሺዳና ባልደረቦቹ የ307 ሕሙማንን ናሙና መርምረው ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። የመኖር ዕድልን ያመለከተው ከዕጢው ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጉበት የተነበበው የ186 ጂኖች ሥራ ነበር። የተጎዳ ጉበት ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላም ሌላ ሊያበቅል ይችላልና። በ2013 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከራሱ ከዕጢው የሚነበብ የ5 ጂኖች መለኪያ አቅርበዋል።

ተረት፦ ምርመራው የቀረውን ዕድሜ ቆርጦ ይናገራል።
እውነታ፦ የሚናገረው ተመሳሳይ የጂን ሥራ ስላላቸው ሕሙማን ቡድን ነው፤ በአንድ ቡድን የተመደቡ ሁለት ሰዎች እኩል አይኖሩም። መለኪያዎቹም በአብዛኛው የተሠሩት ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሕሙማን ናሙና ስለሆነ በኢትዮጵያውያን ላይ ሳይፈተሹ እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም።

ተረት፦ ይህ ምርመራ ከሌለ ሐኪም ምንም ማለት አይችልም፤ ቤት ሸጦም ቢሆን ውጭ አገር መሄድ ነው።
እውነታ፦ ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች እስካሁን የዘወትር ምርመራ አላደረጉትም። ሕክምና የሚመረጠው በዕጢው መጠንና ብዛት፣ ጉበቱ በቀረው አቅምና በሕመምተኛው ብርታት ነው። የብዙዎችም በሽታ ናሙና ሳይሰጡ በሲቲ ስካን ይለያል።

ተረት፦ ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል።
እውነታ፦ ቢጫነት የጉበት ወይም የሐሞት ቱቦ ችግር፣ አንዳንዴም የደም ሕመም ምልክት ነው። ለጉበት ካንሰር የሚዳርገው ሄፓታይተስ ቢ ግን ለዓመታት ያለ ምንም ምልክት ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

የጂን ንባብ ነገ ሐኪሞቻችንን ይረዳ ይሆናል፤ ዛሬ ሕይወት የሚያተርፈው ግን ቀድሞ መድረስ ነው። የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ ቫይረሱ ከተገኘብዎ ክትትልዎን አያቋርጡ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሕፃናት ክትባት ውስጥ የተካተተውን መከላከያም ልጅዎ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ሳያጓድል ይውሰድ።