ለአዛውንት ወላጆቻችን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ስንመርጥ

ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች ማንበብ ሲያቆሙ አብዛኛውን ጊዜ ለማንም አይናገሩም። ኪታቡ ከመደርደሪያው ሳይወርድ ወራት ያልፋሉ፤ ሲጠየቁ «ጊዜ አጣሁ» ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን በመግሪብና በዒሻእ መካከል ገጽ ሲገልጡ ለኖሩ አባትና እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገሩ የገባቸው ልጆች፣ በተለይ ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ስጦታ የሚልኩት፣ ኢ-ሪደር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ገዝተው ለመላክ ያስባሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሳይጠና የተገዛ መሣሪያ ግን ሳምንት ሳይሞላው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ልናያቸው የሚገቡ ነጥቦችን እነሆ እንላለን። ዋናው ነጥብ አንድ ነው፦ ከመሣሪያው በፊት መጽሐፉን እንምረጥ።

በቅድሚያ ዓይናቸው ይታይ

ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ዕይታ መድከሙ የተለመደ ነው፤ ለብዙዎችም የንባብ መነጽር ብቻ ይበቃል። አንዳንዶች ደግሞ የዓይን ሞራ ይዟቸው «እርጅና ነው» ብለው ይቀመጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከ100 ሰዎች 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን፣ ከዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ለዚህ የተዳረጉት በዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ስለዚህ ከመሣሪያ ግዢ በፊት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቅደም።

ኢ-ሪደር ከስልክና ከታብሌት በምን ይለያል?

የስልክ ስክሪን የራሱን ብርሃን ወደ ዓይን ይረጫል። የኢ-ሪደር ገጽ ግን ኢ-ኢንክ በሚባል ዘዴ የተሠራ ነው። በውስጡ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፊደሉን ይሠራቸዋል። ገጹ አንዴ ከተሣለ በኋላ ባለበት ለመቆየት ኃይል አይፈልግም። እንደ ወረቀት ከውጭ በሚያርፍበት ብርሃን ይነበባል፤ ፀሐይ ላይም አይጠፋም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት ያገለግላል፤ መብራት ለሚጠፋበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ስልክ አይደወልበትም፣ የመልእክት ድምፅም አያቋርጣቸውም።

አንድ ነገር ግን ቀድመን እንንገራቸው። ገጹ ሲቀየር ለቅጽበት ጥቁር ብልጭ ሊል ይችላል፤ እንደ ስልክም አይፈጥንም። ይህን የማያውቁ አዛውንት «አበላሸሁት» ብለው ዳግም ላይነኩት ይችላሉ።

መጽሐፉ በምን መልክ ነው ያለው?

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኢ-ሪደር ፊደልን የሚያተልቀው ጽሑፉ እንደ ኢፐብ ባለ መልክ ሲቀርብለት ነው። ያኔ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ያስተካክላል። በቴሌግራም የምንቀባበላቸው አብዛኞቹ የአማርኛ መጻሕፍት ግን ፒዲኤፍ ናቸው። የፒዲኤፍ ገጽ እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ሲያጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ያልፍና በየመስመሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ይመጣል። በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ይህ ለወጣትም አድካሚ ነው። በእጅ የተጻፉ የቆዩ ኪታቦች ቅጂም ከዚሁ ይመደባል።

የያዝነው ፒዲኤፍ ወደ ኢፐብ ይቀየር እንደሆነ በስልካችን መፈተሽ እንችላለን። አንድ ቃል ላይ ጣታችንን ጫን አድርገን እንያዝና ኮፒ አድርገን መልእክት መጻፊያ ላይ እንለጥፈው። ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ከወጣ ካሊበር በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊቀየር ይችላል፤ ከተቀየረ በኋላ ግን መስመሮቹ እንዳልተቆራረጡ ማየት ያስፈልጋል። ትርጉም የለሽ ምልክት ከወጣ ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የቆየ ፎንት ነው። ምንም ካልተመረጠ ደግሞ ገጹ ምስል ብቻ ነው።

ፊደሉ ራሱም መፈተሽ አለበት። የአማርኛ ፎንት በሌለው መሣሪያ ላይ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። ኪንድልም ሆነ ኮቦ ተጨማሪ ፎንት በገመድ ከኮምፒውተር እንዲጫንባቸው ይፈቅዳሉ፤ ኖቶ እና አቢሲኒካ የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። ኮቦ ኢፐብን በቀጥታ ይከፍታል፤ ለኪንድል ግን ፋይሉ በአማዞን መላኪያ በኩል ማለፍ ወይም ቀድሞ መቀየር አለበት።

ሙስሐፉ ወረቀት ላይ ቢቆይስ?

ብዙ አዛውንቶች አንድ አንቀጽ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ በዓይነ ሕሊናቸው ያውቃሉ። የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጾች አሉት፤ ገጹም 15 መስመር ነው። ፊደሉ ሲያድግ ይህ አቀማመጥ ይፈርሳል፤ የለመዱትም ቦታ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ለቁርኣን በትልቅ ፊደል የታተመ ሙስሐፍ መግዛቱ ይሻላል፤ ኢ-ሪደሩ ለሌሎች መጻሕፍት ይሁን። በመሣሪያ ቁርኣን ስለማንበብና ስለ ውዱእ ጥያቄ ያለው ዑለማዎችን ይጠይቅ።

የትኛውን እንግዛ?

መጽሐፎቻቸው ወደ ኢፐብ የሚቀየሩ ከሆነ ከ6 እስከ 7 ኢንች ያለው ይበቃል። ባለ 6 ኢንቹ ኪንድል 158 ግራም ገደማ ስለሚመዝን እጅ አያደክምም። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም ለደረቀ ደግሞ እንደ ኮቦ ሊብራ በጎኑ ገጽ መግለጫ ቁልፍ ያለው ይመረጣል፤ ስክሪን ብቻ የሚነካው ባልታሰበ ንክኪ ገጽ ሊያዘልላቸው ይችላል። የፊት መብራት እንዳለውም እናረጋግጥ።

መጽሐፎቻቸው ምስል ብቻ ከሆኑ 10 ኢንች አካባቢ ያለው ይሻላል፤ የእነ ኪንድል ስክራይብ ዓይነት ማለት ነው። እሱ ግን 400 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ኤ4ን ወደ ኤ3 አስፍቶ ማስነሳትን መሞከር ይቻላል። ለአንድ ሁለት ኪታብ ይህ ከማንኛውም መሣሪያ ሊበልጥ ይችላል። ማዳመጥ ለሚወዱ ደግሞ ኢ-ሪደር አይሆንም፤ አብዛኞቹ ድምፅ ማጉያ የላቸውም።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ኪንድል በቅናሽ የሚሸጠው አንዳንዱ በተዘጋ ቁጥር ማስታወቂያ ያሳያል። ለአባትና ለእናት የሚሰጥ ከሆነ ትንሽ ጨምሮ ማስታወቂያ የሌለውን መግዛት ይገባል።

ከማስረከባችን በፊት

መሣሪያውን በካርቶኑ አናስረክባቸው። አካውንቱን ከፍተን፣ መጽሐፎቹን ጭነን፣ ፊደሉን አተልቀን፣ የይለፍ ቁጥሩን አንስተን፣ ዋይፋዩን ዘግተን እንስጣቸው። የማውጫው ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ ማውጫው ሳይገቡ የሚያነቡበትን መንገድ እናመቻች። መጀመሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይኑርበት፤ እሱም ቀድሞ የሚያውቁትና የሚወዱት ይሁን።

ስናስተምራቸው ሦስት ነገር ይበቃል፦ መክፈት፣ ገጽ መግለጥ፣ መዝጋት። መሣሪያው በእሳቸው እጅ ይሁን፤ ከእጃቸው ነጥቀን «እንዲህ ነው» አንበል። በልጅ ልጆች ፊት እንደ ተማሪ መታረም የሚከብዳቸው ስላሉ ለብቻቸው፣ በእርጋታ እናሳያቸው። ከውጭ የምንልክ ከሆነም አጠገባቸው ላለ አንድ ታጋሽ ሰው አደራ እንበል።

ሞክረው ካልወደዱት አናስገድዳቸው። ያኔ መጽሐፉን ይዘን አጠገባቸው ተቀምጠን እናንብብላቸው። አላህ የወላጆቻችንን ዓይን ይጠብቅልን፤ ለእነሱ ኸይር ለመዋልም ይወፍቀን።