ወደ ቴንግቦቼ ገዳም የሚያደርሰው የነጋዴዎች መንገድ

በኔፓል አገር፣ በሂማላያ ተራሮች መካከል፣ ኩምቡ በሚባለው ወረዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,867 ሜትር ከፍታ ላይ ቴንግቦቼ የተባለ የቡድሃ ሃይማኖት ገዳም ይገኛል። ስለ ተራሮቹ ውበት ብዙዎች ጽፈዋል፤ ለንግድ ሰው ግን ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ገዳሙ ከንግድ በተገኘ ሀብት የታነጸና እስከ ዛሬም ድረስ በሰውና በከብት ጀርባ በሚወጣ ሸቀጥ የሚኖር መሆኑ ነው።

ጉዞው ዘወትር የሚጀመረው ከሉክላ ነው። የዚያን ስፍራ የአይሮፕላን ማረፊያ በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሠሩት፣ በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጡት ኤድመንድ ሂላሪ ናቸው። ከሉክላ ወዲያ የመኪና መንገድ የለም። መንገደኛው በወንዙ ሸለቆ፣ በተንጠልጣይ ድልድዮች ላይ እየተሻገረ ሁለት ቀን ያህል ከተጓዘ በኋላ 3,440 ሜትር ላይ ወዳለችው ናምቼ ባዛር ይደርሳል። የተጫኑ ከብቶች ሲመጡ በተራራው በኩል ጥግ ይዞ መቆም ይገባል፤ በገደሉ በኩል የቆመ ሰው በጭነት ተገፍቶ ሊወድቅ ይችላልና። ጸሎት የተቀረጸባቸው የድንጋይ ካቦች ሲያጋጥሙም በስተቀኝ አድርጎ ማለፍ የአገሩ ልማድ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ተሸካሚዎቹ ናቸው። ሸክማቸውን በትልቅ ቅርጫት አድርገው፣ በግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ይዘው ያዘግማሉ፤ ሲደክማቸውም በእጃቸው የያዙትን አጭር ምርኩዝ ከቅርጫቱ ሥር ደግፈው ቆመው ያርፋሉ። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት እንደ መሰከረው፣ ወደ ናምቼ ገበያ የሚወጡት ወንዶች ሸክም በአማካይ የገዛ ሰውነታቸውን ክብደት 93 ከመቶ ያህል ነበር። እንግዲህ ላይ የደረሰ መንገደኛ የአንድ ሲኒ ሻይ ዋጋ ተወደደ ብሎ ቢያጕረመርም ፍርዱ ትክክል አይደለም። ስኳሩም ጋዙም ዱቄቱም ያንን ዳገት በጀርባ ወጥቷል፤ የማገዶ እንጨት መቁረጥም በብሔራዊ መናፈሻው ሕግ የተገደበ ነው። ከዋጋው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የማጓጓዣ ነው፤ ይህንንም ከአስመጪ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ናምቼ የቅዳሜ ገበያ ያላት የቆየች የንግድ ከተማ ናት። የቲቤት ነጋዴዎች 5,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በናንግፓ ላ በር በኩል ጨውና ሱፍ በያክ ጭነው እያመጡ በእህል ይለውጡ ነበር። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲዘዋወርበት በኖረ አገር ያደገ አንባቢ የጨውን ዋጋ ለመረዳት አይቸገርም። በዚሁ ንግድ ሀብት ያፈሩ የሸርፓ ባለጠጎች ገንዘባቸውን አውጥተው በረዱ ጊዜ፣ ላማ ጉሉ የተባሉት መነኩሴ በ1916 ቴንግቦቼን መሠረቱ። ከ1959 በኋላ ግን የቲቤት ንግድ እየተዳከመ ሄደ፤ በጨው ነጋዴው ፈንታም አገር ጎብኚው መጣ።

ከናምቼ ወደ ገዳሙ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ነገር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ በናምቼ ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ ይገባል፤ ራስ ምታቱ የጠናበትና የሚያስመልሰው ሰው ወደ ታች ይውረድ እንጂ ወደ ላይ አይቀጥል። በዚህ ጉዳይ ጉብዝና አይጠቅምም። መንገዱ 3,250 ሜትር ገደማ ወዳለው ወንዝ ቍልቍል ይወርድና፣ ከዚያ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዳገት በጥድ ዛፎች መካከል ያስወጣል። ከላይ ሲደርሱ አማ ዳብላም የተባለው ተራራ ከፊት ለፊት ይታያል።

ገዳሙ የተቃጠለ ነገር ሆኖ ያውቃል። በ1934 የምድር መንቀጥቀጥ አፈረሰው፤ ተሠራ። ኤሌክትሪክ በገባ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ፣ በጥር 1989፣ በኤሌክትሪክ ምክንያት የተነሣ እሳት ሕንጻውን ከብዙ መጻሕፍትና ሥዕሎች ጋር አወደመው። ምእመናኑና የውጭ አገር በጎ አድራጊዎች አዋጥተው ዳግመኛ አሠሩት፤ በ1993ም ተመረቀ። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የኤቨረስት ጉዞ በታገደ ጊዜ ደግሞ በመንገዱ ዳር ያሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ያለ ደንበኛ ቀሩ፤ ጨው ንግዱ ከቀዘቀዘ ወዲህ አብዛኛው ገቢያቸው ከመንገደኛው ብቻ ነበርና።

ማኒ ሪምዱ የተባለው የመነኮሳቱ የጭንብል ውዝዋዜ ያለበት በዓል በመጸው፣ ብዙ ጊዜ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይከበራል። በዚያ ሰሞን ማረፊያ ስለሚጣበብ መኝታን አስቀድሞ መያዝ፣ ጥሬ ገንዘብም በበቂ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።