ወገብ ሲታመም እግር የሚመረመረው ለምንድን ነው?

በቴፒ፣ በሚዛን ተፈሪና በበበቃ ቡና ሲደርስ የሥራው ጫና ወገብ ላይ ይወድቃል። ለቃሚው ሲያጎነብስና ሲንጠራራ ይውላል፤ ተሸካሚው 60 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ከመሬት አንሥቶ መኪና ላይ ይጭናል። የብዙዎቹ ሕመም እዚያው ወገብ ላይ ይቀራል። የአንዳንዶቹ ግን ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባ በኩል እየነዘረ እስከ ባትና እግር ጣት ይወርዳል። ይህኛው ሲያቲካ ይባላል።

የሰውነታችን ትልቁ ነርቭ፣ ሲያቲክ፣ ከአከርካሪ የታችኛው ክፍል ከሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ተገናኝቶ ወደ እግር ይዘልቃል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሲወጣ ከሥሮቹ አንዱን ይጫናል፣ ያስቆጣዋልም። የተጎዳው ሥር የሚታወቀው እግርን በመፈተሽ ነው።

ለዋነኛው ፍተሻ አንድ አልጋ ይበቃል። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ መርማሪው የታመመውን እግር ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀስ አድርጎ ያነሣል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ የለመደው ሕመም ከጉልበት በታች ከወረደ የነርቭ ሥር መነካቱ ይጠረጠራል። ቋንጃ ብቻ ከተወጠረ ግን ጉዳዩ የጡንቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት እግሩን ጥቂት ዝቅ አድርጎ የውስጥ እግሩን ወደ ላይ ማጠፍ ነው፤ ነርቩ ዳግም ሲሳብ ሕመሙ ይመለሳል። ይህን ፍተሻ ሰርቢያዊው ሐኪምና ደራሲ ላዛ ላዛሬቪች በ1880 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ በዓመቱ የፈረንሳዊው ላሴግ ተማሪ ፎርስት አሳተመው፤ ስሙም ለላሴግ ጸና።

ፍተሻው ዲስክ የወጣባቸውን አብዛኞቹን ይይዛል፤ ችግሩ የሌለባቸውንም አብሮ ይይዛል። ጤነኛው እግር ሲነሣ ሕመሙ በታመመው እግር ከተሰማ ግን ጥርጣሬው በእጅጉ ይጠነክራል።

ቀጥሎ ጉልበትና ስሜት ይፈተሻል። ታካሚው በተረከዝ መራመድና አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተው አምስተኛው የወገብ ሥር፣ በጣቶቹ ጫፍ መቆም ካቃተውና የተረከዝ ጅማቱ በመዶሻ ሲመታ እግሩ ካልተነቃነቀ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሥር ይጠረጠራል።

ኤምአርአይ የተባለው የምስል ማንሻ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ቢገኝም ብቻውን አይፈርድም። በ1994 እ.ኤ.አ. ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲነሡ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ያበጠ ዲስክ ታይቷል። ምስሉ ትርጉም የሚኖረው ከእጅ ምርመራው ጋር ሲገጥም ነው።

አብዛኛው ሲያቲካ በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። በጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም የሁለቱም እግሮች መዛል ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካሉ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ወገብን ለማሸትም ሆነ ለማንቋቋት አትስጡ። ለጤና ባለሙያው ሕመሙ የት ድረስ እንደሚወርድ ንገሩት፤ እግራችሁንም እንዲመረምር ጠይቁ። ወገቡ ለሚያበላው ሰው ይህ ምርመራ መብቱ ነው።