«ቫይታሚን እኮ ነው»

ላሞትሪጂን የተባለውን መድኃኒት ለባይፖላር ሕመሟ በሐኪም ትእዛዝ ስትወስድ ቆይታ፣ ከረጅም ድባቴ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመልሳ የነበረች አንዲት ሴት፣ ሕመሙ እንደ ገና በተጫናት ጊዜ ከእናቷ ጋር ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥታ ነበር። ከታዘዘላት ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ብጠይቃት «የለም» አለችኝ፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላትን ለፀጉርና ለጥፍር ይበጃል የተባለ ኪኒን ጧት ጧት ትውጥ እንደ ነበር የነገሩኝ እናቷ ናቸው። እርሷም ጥያቄዬ አግባብ የሌለው መስሏት፣ «እሱማ ቫይታሚን እኮ ነው» ስትል መለሰች።

በኪኒኑ ዕቃ ላይ ከተዘረዘሩት መካከል ፎሊክ አሲድ ይገኝበት ነበር። ድባቴውን የመለሰው እርሱ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ባይፖላር የሚታይ ምክንያት ሳይኖረውም እየሄደ የሚመለስ ሕመም ነውና። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 202 ሕሙማን በተሳተፉበት የእንግሊዝ አገር ጥናት፣ ኩዌቲያፒን የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ላሞትሪጂን ሲጨመርላቸው ድባቴው ሲቃለል ታይቶ ሳለ፣ ይጠቅም ይሆናል ተብሎ በቀን 500 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በተሰጣቸው ላይ ግን ያ ጥቅም ሳይታይ ቀርቷል። አንድ ጥናት ለብቻው የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም ለጥንቃቄ ይበቃል፤ እኔንም እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ ሐኪሟ የመድኃኒቷን መጠን ሲያመዛዝን ይህ ኪኒን ከዐይኑ ተሰውሮ መቆየቱ ነው።

ከምግብ የሚገኝ ነገር ሁሉ ባሕርዩ የዋህ ነው፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም የሚለው እምነት በሕዝባችን ልብ ውስጥ ሥር ከመስደዱ የተነሣ፣ የተማረውም ያልተማረውም ስለ መድኃኒት ሲጠየቅ ቫይታሚኑን ከቁጥር አያገባውም፤ እኔም ያንኑ ጥያቄ በልዩ ልዩ ቃል እየመላለስሁ መጠየቅ ከሰለቸኝ ቆይቷል። ጨውስ ምግብ አይደለምን? ነገር ግን ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ጨውን በድንገት ከምግቡ ቢያስቀር፣ ኩላሊቱ ሊቲየሙን ከማስወገድ ይልቅ ስለሚይዘው፣ ትናንት ፈውስ የነበረው ያው መጠን ዛሬ መርዝ እስከ መሆን ሊደርስ ይችላል።

የባዮቲን ነገር ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ለዐዋቂ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ያህል የሚበቃው ይህ ቫይታሚን፣ ለፀጉር ተብሎ በሚሸጠው ኪኒን ውስጥ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ሆኖ ይገኛል። ሊቲየም የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ሊያደክም ስለሚችል ሐኪሞች በየጊዜው ደም ያስመረምራሉ፤ በደም ውስጥ የበዛው ባዮቲን ግን የአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ምርመራ እያሳሳተ፣ የደከመውን ዕጢ ጤናማ ወይም ከመጠን በላይ የሚሠራ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። የታይሮይድ ድካም ራሱ ድባቴን የሚመስል ሕመም ያመጣልና፣ ሐኪሙ በሐሰተኛው ውጤት ተመርቶ ከዕጢው የመጣውን ሕመም በድባቴ መድኃኒት ሲታገል ሊኖር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ባዮቲን የደም ምርመራን እንደሚያሳስት ማስጠንቀቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቫይታሚን እንደ ቤዛ ሲቆጠር ነው። ለባይፖላር የሚታዘዘው ሌላው መድኃኒት ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው እንደሚወለዱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ «ፎሊክ አሲድ ስለምወስድ ግድ የለም» የሚል ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፎሊክ አሲድ ልትወልድ ለምታስብ ሴት ሁሉ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የቫልፕሮኤትን ጉዳት ግን አያስቀርም፤ ያስቀራል ብሎ መጽናናት በሕፃኑ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ዕዳ መግባት ነው።

ይህን ማለቴ ቫይታሚንን ለመንቀፍ አይደለም። ለባይፖላር ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ካርባማዜፒን ለብዙ ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ዲን ሊያጎድል ይችላል፤ ሌላው የባይፖላር መድኃኒት ኦላንዛፒን ያመጣውን ውፍረት ለመቀነስ የሚሰጠው ሜትፎርሚንም ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ጉድለቱ በምርመራ ታውቆ ቫይታሚን ሲታዘዝ፣ መጠንና ጊዜ ተወስኖለት እንደ ማንኛውም መድኃኒት በካርድ ላይ ይጻፋል፤ በራስ ፈቃድ የሚወሰደውም እንዲሁ ሊጻፍ ይገባዋል።

ስለዚህ እናንተ ሕሙማንና አስታማሚዎች፣ ወደ ሐኪም ስትሄዱ በቤታችሁ ያለውን የቫይታሚን ዕቃ ሁሉ፣ ኪኒንም ይሁን ሽሮፕ፣ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ለታይሮይድ ምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ባዮቲን የምትወስዱ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ደግሞ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ፎሊክ አሲድንም ሆነ ሌላ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ።