ጋሼ አላረጁም፣ ፊደሉ ነው ያነሰው!

የዛሬውን ጉዳይ ያመጣችልን ጫንጮ ከተማ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ እነሆ።

"ቢሯችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የሂሳብ ሠራተኛ አሉ። የደመወዝ ሥራው የሚሠራው ድሮ በተገዛ የዶስ ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተሩም አሮጌ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል። እኔ አተልቅላቸዋለሁ፤ በማግስቱ ያው ጤፍ! ባለፈው ወር 3ቱን 8 ብለው አንብበው የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ተሳሳተ። አሁን የአለቃችን ልጅ 'ሰውየው ዓይናቸው ደክሟል፣ ቢያርፉ ይሻላል' ማለት ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?"

ወይ ጉድ! እህቴ፣ ያ ልጅ መጀመሪያ ራሱ አንድ ሙሉ ቀን በዚያ ጤፍ ላይ አፍጥጦ ይዋልና ከዚያ ይፍረድ። የሰው እንጀራ በፊደል መጠን አይለካም።

"ለምን አዲስ ፕሮግራም አይገዛም?" የሚል አይጠፋም። መቼም ጥቁር ስክሪን ያየ ሁሉ ቆሻሻ ይመስለዋል። ግን እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እዚሁ አገር ልጆች በፎክስፕሮና በክሊፐር የጻፏቸው ናቸው። ዓመቱ 13 ወር እንደሆነ፣ ጳጉሜ ለብቻዋ ደመወዝ እንደሌላት ያውቃሉ፤ ከውጭ ለመጣ ፕሮግራም ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የግብር ሕጉ ሲቀየርም ቁጥሩን የሚቀይሩት እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ናቸው። በ2008ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ደመወዝ በ2017ቱ ማሻሻያ 2,000 ብር ሲሆን ሠንጠረዡን የሚያስተካክል ሰው የግድ ያስፈልግ ነበር። ልጁ ይህን ይችል ይሆን? እንጃ!

አሁን ወደ ጉዳያችን። ዋናው ምስጢር ይህ ነው፦ የመስኮቱን መልክ የሚያስታውሰው ፕሮግራሙ አይደለም። ዶስ በተሠራበት ዘመን ፕሮግራም ሙሉውን ስክሪን ይዞ ነበር የሚኖረው፤ መስኮት የሚባል ነገር አያውቅም። አግድም 80 ፊደል፣ ቁልቁል 25 መስመር፣ በቃ። መስኮቱን የሚሰጠው ዊንዶውስ ነው፤ የፊደሉን መጠን የሚመዘግበውም እሱ ነው። የሚመዘግበው ግን በገባሽበት በር ስም ነው። ከዴስክቶፕ ሾርትከት ከገባሽ በሾርትከቱ ላይ፣ ፎልደር ከፍተሽ ፕሮግራሙን ራሱን ከነካሽ ደግሞ ሌላ ቦታ ይጻፋል። እንግዲህ አንቺ በአንዱ በር አስተካክለሽ ጋሼ በማግስቱ በሌላው ከገቡ፣ ጤፏ ትጠብቃቸዋለች!

ስለዚህ አንድ በር ብቻ ይኑራችሁ። ዴስክቶፕ ላይ አንድ ሾርትከት አስቀሪ፣ ሌላውን አጥፊ። በእሱ ክፈቺና የመስኮቱን ራስጌ፣ ስሙ የተጻፈበትን፣ ራይት ክሊክ አድርጊ፤ ፕሮፐርቲስ በይ፤ ፎንት የሚለው ውስጥ ግቢ። እኔ የምመርጠው 10 በ18 የሚለውን ነው። 80 ፊደል በ10 ሲባዛ 800፣ 25 መስመር በ18 ሲባዛ 450 ነጥብ ይሆናል፤ ስለዚህ 1024 በ768 በሆነ አሮጌ ስክሪን ላይ እንኳ ደህና ይገባል። ከዚያ ኦኬ ስትይ ኤክስፒ አንድ ጥያቄ ይጠይቅሻል፦ ለዚህ መስኮት ብቻ ነው ወይስ ለወደፊቱም? ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ሳያነብ ኦኬ ይላል መሰላችሁ! ቀድሞ ምልክት የተደረገበት "ለዚህ ብቻ" የሚለው ነው፤ ሁለተኛውን ምረጪ። እርግጠኛ ነኝ፣ የአንቺም ድካም በየቀኑ የሚፈሰው እዚችው ላይ ነው።

ጋሼ ከፈለጉ ደግሞ አልትን ተጭነው ኢንተር ይምቱ፤ በኤክስፒ ላይ ፕሮግራሙ እንደ ጥንቱ ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል።

ይህም ሆኖ ከጠፋ ሁለት ነገር ጠርጥሪ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ የሚከፈተው በሌላ ሰው ስም ይሆናል፤ የሚመዘገበው ለየተጠቃሚው ነውና በጋሼ ስም ገብተሽ አስተካክይ። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ቤቶች የሚወዱት ዲፕ ፍሪዝ የሚባለው ተጭኖበት ይሆናል። እሱ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ፈትተሽው፣ አስተካክለሽ፣ መልሰሽ ቆልፊው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ጥበቃ መስጠት ያቆመው በ2006 ነው። ያንን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አታገናኙት፤ ያገኙትን ፍላሽ ሁሉም አትሰኩበት።

ልጁ ነገ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ቢመጣስ? ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም ጨርሶ አይከፍትም። ያኔ ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የእሱ መስኮት መልክ የሚጻፈው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፉልስክሪን ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን "ፎልስ" አጥፍተሽ "ትሩ" ብለሽ ከጻፍሽ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይከፈታል። ነገር ግን ዶስቦክስ የተሠራው ለጨዋታ ነው፤ ለቢሮ ሥራ ተብሎ የተሠራው ቪዶስ ይሻላል ባይ ነኝ። ፕሪንተሩን ቀድማችሁ ሞክሩ፤ የደመወዙን ፋይል ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ የመጀመሪያውንም ወር በአሮጌውና በአዲሱ ጎን ለጎን ሠርታችሁ ጋሼ ራሳቸው ያመሳክሩት።