ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅን የሚይዘው ምንድን ነው?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ሲዘጉ 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። በወሎ የሐይቅና የአምባሰል ልጆችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ትምህርት በ2013 ቢከፈትም በ2014 መባቻ የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አዳርሶ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሁለቱ ከተሞች ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቁ ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈው፣ መስኮትና ወንበራቸው ተሰባብሮ ተገኙ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳዎች ክፍሎችን ዳግም ዘግቷል። በ2012 አንደኛ ክፍል የገባ የአምባሰል ልጅ የተማሪነት ዕድሜው በየመሀሉ የተቆራረጠ ነው።

ይህ መቆራረጥ ምን ያህል ይጎዳል? ጥሩ መልስ የሚገኘው ከፓኪስታን ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንታት ያህል ተዘግተው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ልጆቹን ሲፈትኑ፣ መሬቱ ለተሰነጠቀበት ቦታ ቅርብ የነበሩት ከሩቆቹ በአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚገመት ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ጉድለቱ ከተዘጋው ጊዜ እጅግ ይበልጣል። አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው፣ በሮቹ ሲከፈቱ መምህሩ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ መሄዱ፣ ያለፈው ያልገባው ልጅ ግን እዚያው መቅረቱ ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን ሌላ ነው። እናቶቻቸው አንደኛ ደረጃን የጨረሱ ልጆች ላይ ይህ ጉድለት አልታየም! ቤቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ትንሽ ማወቁ ብቻ ልዩነት አመጣ።

በወሎ ገጠር ብዙ እናቶች ይህን ዕድል አላገኙም። ቢሆንም ያልተማረች እናት የምታደርገው ቀላል አይደለም፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረን የአንጎል ሳይንስ ነው። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ አካሉ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫል። አደጋው ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይህ ይጠቅመዋል። ሳምንታት ከዘለቀ ግን ትኩረትንና ትውስታን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ሥራ ይታወካል። ጆሮው በር በሩን የሚያዳምጥ ልጅ ሰባት ሲደመር ስምንትን በአእምሮው ይዞ መቆየት ይከብደዋል። ይህን ጭንቀት ከምንም በላይ የሚያበርደው የሚያምነው አዋቂ አጠገቡ መኖሩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ለንደን ውስጥ ከፍተውት በነበረው የሕፃናት ማቆያ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፦ ብዙ ሕፃናትን ከቦምቡ ይልቅ የረበሻቸው ከእናታቸው መለየት ነው።

ስለዚህ አልጋው ላይ መሽናት የጀመረ ወይም ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ያለ ልጅ አልቀበጠም፤ ፈርቷል። ዱላ ፍርሃቱን ይጨምራል። በዱላና በእንጨት ጠብመንጃ ጦርነት ቢጫወትም ብዙውን ጊዜ ያየውን ለመረዳት እየሞከረ ነው። ሲጠይቅ አጭር እውነት ይነገረው። የሚበላበት፣ የሚተኛበትና የሚያነብበት ሰዓት በተቻለ መጠን አይለዋወጥ።

ልጅን ለማረጋጋትና ለማስተማር ወሎ የታደለ ባህል አለው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው የቡና ሰዓት ለልጅ ጨዋታ በቂ ነው። ተረት ነግሮ መልሶ እንዲተርክ ማድረግ ቋንቋንና ትውስታን ያሠራል። ገበጣ መቁጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል። ገበያ ወርዳ የምትመለስ እናትም የአንዱን ዋጋ ነግራ «አሥር እንቁላል ሸጥሁ፣ ስንት ብር ይዤ መጣሁ?» ብላ ብትጠይቅ ልጇን ሒሳብ አስተማረች።

ንባብ ግን ፊደል የቆጠረ ሰው ይፈልጋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን አንሥቶ፣ ሊቃውንት ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ በወሎ መድረሳዎች ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ማስቀጸሉ የቆየ ልማድ ነው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች እህት የሦስተኛ ክፍል ወንድሟን በቀን ግማሽ ሰዓት ብታስነብበው ብዙ ትሠራለች። መነሻው ልጁ ያለበት ደረጃ ይሁን እንጂ የክፍሉ ቁጥር አይሁን። እሷም ብትሆን ውኃ በመቅዳትና እንጀራ በመጋገር ቀኗ ማለቅ የለበትም። ትምህርት ሲቋረጥ ሴት ልጅን ቶሎ የመዳር ፈተና እንደሚጨምር ክልሉ በ2012 አይቶታል።

መምህራንስ? በዚያው የኮሮና ዓመት ቦትስዋና ውስጥ 4,500 ያህል ቤተሰቦች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። በሳምንት አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ተደውሎ ከወላጃቸው ጋር ሒሳብ የሠሩት ግን ተሻሻሉ። ሙከራው በኋላ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በኔፓል፣ በሕንድና በፊሊፒንስ ተደግሟል። ኢንተርኔት አላስፈለገውም፤ ተራ ስልክ በቂ ነበር።

የትምህርት ቤቱ በር በተዘጋበት ቀበሌ የአንድ መምህር ስልክ ውስጥ የብዙ ወላጆች ቁጥር ሊኖር ይችላል። ኔትወርክ ባለበት ቀን መምህሩ ለአምስት ወላጆች ይደውል፣ ልጁን ያነጋግር፣ አንድ ጥያቄ ሰጥቶ በሳምንቱ መልሱን ይጠይቅ። የአየር ሰዓቱን ወጪ ደግሞ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በውጭ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ይሸፍኑለት።