ቅጥቅጥ ለምን ይቀጠቅጠናል? የአየር ሞላ ብናስገባለትስ?

ከግራና ወይም ከመርሳ ወደ ወልዲያ በቅጥቅጥ ለተመላለሰ ሰው የመጨረሻውን ወንበር ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። መኪናው ጢም ብሎ ሲሄድ ደህና ነው፤ ባዶውን ሲመለስ ግን ጭንቅላትን ከጣሪያ ያጋጫል። መንገዱ ያው፣ ሾፌሩ ያው። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ነገሩ ያለው ከሥር ነው። ቅጥቅጥ የምንለው መኪና ታቹ የጭነት አይሱዙ ነው፤ እዚሁ አገር ብረት ተቀጥቅጦ የተገጠመለት የላዩ አካል ነው። ባሌስትራው የተደረደረው ጤፍና ሲሚንቶ እንዲሸከም እንጂ ሰው እንዲንፈላሰስበት አይደለም። ጭነት ሲኖርበት ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ በሰከንድ ወደ 3 ጊዜ ይነጥራል። ምቹ የሚባል መኪና ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ነው የሚወዛወዘው። የሰው ሰውነት ደግሞ ወደላይ ወደታች የሚመጣ ንዝረት በጣም የሚከብደው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲሆን ነው። ባዶ ቅጥቅጥ ወደዚያው እየተጠጋ ነው ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ የሚውለው ሾፌርና ረዳት ወገቤን ቢል አይፈረድበትም።

የአየር ሞላ (አደጋ ላይ የሚፈነዳውን ኤርባግ እያልን አይደለም) በባሌስትራ ፋንታ የሚገባ ወፍራም የጎማ ከረጢት ነው። ሰው ሲበዛ አየር ይጨመርለታል፣ ሲቀንስ ይተነፍሳል። ስለዚህ 5 ሰውም ይጫን 25፣ ውዝዋዜው ብዙም አይለዋወጥም። አሜሪካ ውስጥ የግሬይሀውንድ አውቶቡሶች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጠቅመውበታል።

ቅጥቅጥ ላይ ይገባል? ይገባል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሌስትራ ሞላ ብቻ አይደለም፤ አክስሉንም ቦታው ላይ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። አውልቆ ከረጢት ብቻ የሚተካ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናውን አትስጡት። አክስሉን የሚይዙ ዘንጎች በልኩ ተሠርተው መግባት አለባቸው። ቀለል ያለው መንገድ ከባሌስትራው ጥቂቱን ቀንሶ ከረጢቱን አጋዥ ማድረግ ነው። እሱም ቢሆን በሚያውቅ ባለሙያ።

ገጥመውም "ዛሬም ይመታል" የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አየሩን ማብዛት ነው፤ ከረጢቱ እንደ ኳስ ይጠጥራል። ሲያንስ ደግሞ አክስሉ መጨረሻውን ማቆሚያ ጎማ ይመታል። ከረጢቱ ትንሽ ከሆነም ይደርቃል፤ ከጎኑ ተጨማሪ የአየር ጋን ቢገናኝለት ይለሰልሳል። አሞርዛቶሩም ወሳኝ ነው፦ የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርስ ሲፋተጉ ንጥረቱን ትንሽ ይገድሉታል፣ አየር ግን ያ የለውም። በደከመ አሞርዛቶር ላይ የአየር ሞላ መግጠም መኪናውን ጀልባ ማድረግ ነው።

ደግሞ "አየር ስላለው ይችላል" ብሎ ኩንታል መጨመር! ሻንሲውም ፍሬኑም የድሮው ነው እኮ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ርካሹን ሞክሩ። የጎማ ነፋስ ለጭነቱ የሚመጥን ይሁን፣ ዘይት የሚያፈስ አሞርዛቶር ይቀየር፣ ያለቀ ጎሚኒም እንዲሁ። በአቧራና በዝገት የተጣበቀ ባሌስትራ ይጽዳና ይቀባ። ግማሹ ድብደባ እዚሁ ሊቀር ይችላል።

የአየር ሞላ ያላችሁ ደግሞ፣ ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ካገኛችሁት አየር እያፈሰሰ ነው። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ የሚነፋው ቦታ ነው ቀዳዳው።